የሚዋጣ ሲኖር ይጠራል፣ የሚወሰን ሲኖር አይጠራም፦ የደብረ ብርሃን ነዋሪ ጉዳይ

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከወሎ ወደ ደቡብ ሲገፋ፣ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከአጣዬና ከሸዋ ሮቢት የሸሸው ሕዝብ በአንድ አስፋልት ሽቅብ ተጉዞ፣ ጣርማ በርን ተሻግሮ ደብረ ብርሃን ገባ። ውጊያው ከከተማዋ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ እስከምትገኘው ደብረ ሲና አካባቢ ደርሶ ነበር። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። የደብረ ብርሃን ሰው ራሱ ልቡ ተሰቅሎ፣ ጓዙን ይሸክፍ አይሸክፍ እያመነታ ባለበት ሰዓት ምጣዱን ጥዶ እንጀራ ጋገረ፤ ብርድ ልብሱን ከቤቱ አወጣ፤ ዘመድ የመጣበት ዘመዱን፣ ያልመጣበት ደግሞ የማያውቀውን ሰው አስጠጋ። ኅዳር በዚያ ደጋ የውርጭ ወር ነው። ሕፃን አዝላ ለመጣች እናት አንድ ብርድ ልብስ ሌሊቱን ለማለፍና ላለማለፍ ወሳኝ ነበር።

ይህን ሥራ ማን መራው ለሚል ጥያቄ አንድ መልስ የለም። ከተማ አስተዳደሩ ነበረበት፤ ዩኒቨርሲቲው ነበረበት፤ የዕርዳታ ድርጅቶችም ደርሰዋል። ነገር ግን እህልና መድኃኒት የጫነው መኪና እስኪመጣ ድረስ ሸክሙን የተሸከሙት እድሮች፣ የሰንበቴ ማኅበራት፣ የሰበካ ጉባኤዎች፣ የመስጊድ ጀማዎች፣ የጎረቤት ሴቶችና ሌሊት ሰፈራቸውን ሲጠብቁ የሚያድሩ ወጣቶች ናቸው።

ጥያቄዬ ከዚህ ይነሣል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱን አደራጅቶ ይህን ሁሉ ሰው ያበላና ያለበሰ ነዋሪ፣ ስለ ገዛ ከተማው መሬት፣ ውሃና መንገድ ሲወሰን ድምፁ ለምን አይሰማም? በአገራችን ከተሞች የዜጎች ተሳትፎ ደካማ ነው የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጣታቸውን ነዋሪው ላይ ይቀስራሉ። ንቃት የለውም፣ ስብሰባ ሲጠራ ይቀራል፣ የሚያሳስበው የራሱ ጓዳ ብቻ ነው ይላሉ። የደብረ ብርሃን ጉዳይ ይህን ክስ ውድቅ ያደርገዋል። ሰው አለ፣ ፈቃድ አለ፣ የመደራጀት ልምድም አለ። ይህ ሁሉ ወደ ውሳኔ የሚገባበት በር ነው የጠፋው።

ስሟና ሰዉ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ሜዳ ላይ ተዘርግታለች። ስሟን ያወጡላት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) ናቸው። በሰማይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም በዚያ ቦታ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቤተ መንግሥታቸውንም አቆሙ። ነገሥታቱ በድንኳን ከአገር ወደ አገር በሚዘዋወሩበት ዘመን አንድ ንጉሥ በአንድ ቦታ ረግቶ እስከ ዕለተ ሞቱ መኖሩ ያልተለመደ ነገር ነበር። የከተማዋ ሰው ይህን ታሪክ በኩራት ያወራዋል፤ ሊያወራውም ይገባል። የንጉሡ ዜና መዋዕል ግን የብርሃኑን መውረድ ከደቂቀ እስጢፋኖስ መወገር ጋር አያይዞ ነው የሚተርከው። በእምነታቸው የተነሣ በድንጋይ የተወገሩ መነኮሳት የዚህ ቦታ ታሪክ አካል ናቸው፤ በበዓል ንግግሮች ላይ ግን ይህ ክፍል ሲነሣ አይሰማም። ከየቦታው በማንነቱ ምክንያት የተሳደደ ሰው ያስጠለለች ከተማ ግን የሚያኮራትንም የሚያሳዝናትንም አብራ ብትይዝ ይበልጥ ይመጥናታል ብዬ አምናለሁ።

ከዘርዓ ያዕቆብ በኋላ ቤተ መንግሥቱ ወደ ድንኳን ሕይወቱ ተመለሰ፤ ቦታውም ደበዘዘ። በ19ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር፣ በአንጎለላና በደብረ ብርሃን መካከል እየተመላለሱ ሸዋን ሲያስተዳድሩ እንደገና ሰው አየች። ዐፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ አቅራቢያ፣ አንጎለላ ነው። ይሁን እንጂ የዛሬዋን ደብረ ብርሃን የሠሯት ነገሥታት ብቻ አይደሉም። መምህራን ማሠልጠኛው ያስተማራቸው መምህራን በመላ አገሪቱ ተበትነው ፊደል አስቆጥረዋል። የብርድ ልብስ ፋብሪካው ደግሞ ደብረ ብርሃንን ረግጦ በማያውቅ ሰው ቤት ሳይቀር ስሟን አስገብቷል። የመንዝ በግ፣ ከጸጉሩ የሚሠራው ባና፣ የጥቁር ድንጋይ ቤት፣ የገብስ ማሳ፣ የደብረ ብርሃን አረቄ፣ ሁሉም የከተማዋ መታወቂያ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከየክልሉ የመጣ ወጣት ጎዳናዋ ላይ አፈሰሰ።

ስያሜዎቿን ልብ ብሎ ለተመለከተ የከተማዋ ልብ ወዴት እንደሚያዘነብል ይገባዋል። አንጋፋው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአርበኛው ኃይለ ማርያም ማሞ ተሰይሟል። የዩኒቨርሲቲው የጤና ሳይንስ ካምፓስ የፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ስም ይዟል። አንዱ ወራሪን የተዋጋ የአካባቢው ልጅ፣ ሌላው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ናቸው። ሁለቱም ለሌላ ሰው ሲሉ ዋጋ የከፈሉ ሰዎች ተብለው ነው በከተማዋ የሚታወሱት።

በ1986 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 38,717 ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. 65,231 ደረሰ። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደ የሚነገረው ቁጥር ሁሉ ግምት ነው። ይህ ቀላል ጉድለት እንዳይመስል። ውሃው ለስንት ሰው፣ ክፍሉ ለስንት ተማሪ፣ ምክር ቤቱ ለስንት ነዋሪ እንደሚሠራ በውል ሳይታወቅ ነው ከተማዋ ይህን ሁሉ ለውጥ ያለፈችው።

እድር እንዴት ይሠራል

ጉዳዩን በቅርብ ለማየት ከእድር የተሻለ ቦታ የለም። ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ ጡሩንባ ይነፋል። የለፋፊው ድምፅ በውርጩ ውስጥ ከአጥር አጥር እየተሻገረ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ያስታውቃል። ሰው ጋቢውን ደርቦ ይወጣል። ንብረት ክፍሉ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይዞ ይደርሳል፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱና ሳሕኑ በቁጥር ይወጣል፤ ሲመለስም በቁጥር ይገባል። ጸሐፊው ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ታሞ ከሆነ ወይም ከከተማ ውጭ ከነበረ ማስረጃ ያቀርባል፤ ዳኛውም ከኮሚቴው ጋር መክሮ ይወስናል። በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡ ለአባላት ይነበባል። አንድ ሰው እጁን አውጥቶ ያ ገንዘብ ለምን ወጣ ብሎ ይጠይቃል፤ ገንዘብ ያዡም ቆሞ ይመልሳል። ካልመለሰ በሚቀጥለው ምርጫ ሌላ ሰው ይተካዋል።

ከዚህ ውስጥ ምን የጎደለ ነገር አለ? መዝገብ አለ፣ ምርጫ አለ፣ ደንብ አለ፣ ኦዲት አለ፣ ቅጣት አለ፣ ይግባኝም አለ። ማንበብ የማይችሉ አዛውንት የእድራቸውን ደንብ አንቀጽ በአንቀጽ ያውቁታል። ባለሥልጣኑም፣ ነጋዴውም፣ የቀን ሠራተኛውም እኩል ከፍሎ እኩል ይቀበራል። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ሰው የከተማዋ ሰው መሆኑ የሚረጋገጠው በቀበሌ መታወቂያው ሳይሆን እድር ውስጥ ስሙ ሲጠራ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ከሌላ አገር መጥቶ ቤት የተከራየ መምህር እድር ሲገባ ጎረቤቱ ያገባውን ያህል ይደሰታል።

እድር ጉድለት የለበትም ማለቴ አይደለም። በብዙዎቹ አመራሩ በዕድሜ በገፉ ወንዶች እጅ ነው። ሴቶች የራሳቸው እድር ቢኖራቸውም በሰፈሩ ጉዳይ ላይ ቃል የሚሰጠው ብዙ ጊዜ የወንዶቹ ነው። በአንድ ክፍል ቤት ሦስትና አራት ሆነው የሚኖሩ የፋብሪካ ሠራተኛ ወጣት ሴቶች እድር የሚያስገባቸው ቤተሰብ መሥርተው ሲቀመጡ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የማንም አይደሉም። የዛሬዋ ደብረ ብርሃን እኮ በእነዚህ ወጣት ሴቶች ጉልበት ላይ የቆመች ናት።

መሬቱ ሲለወጥ

ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ከተማዋ በፍጥነት የፋብሪካ ከተማ ሆነች። በሺዎች የሚቆጠሩ ባለአክሲዮኖች ያቋቋሙት ሐበሻ ቢራ እዚህ ተተከለ፤ ዳሽንም ሁለተኛ ፋብሪካውን እዚሁ ገነባ። የጠርሙስ ፋብሪካ መጣ። በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። የመዲናዋ ቅርበት፣ ዋናው የደሴ መንገድ፣ የሠራተኛው ቁጥርና የቦታው መገኘት ባለሀብቱን ስቧል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከተማዋ ሪጂዮፖሊታን የሚባለውን፣ በክልሉ ለትልልቅ ከተሞች የሚሰጠውን ደረጃ አገኘች፤ ቀድሞ በዘጠኝ ቀበሌዎች ትተዳደር የነበረችው ከተማ በክፍለ ከተሞች ተዋቀረች፤ ዙሪያዋን ያሉ የገጠር ቀበሌዎችም ወደ ውስጥ ገቡ።

በዚህ ሁሉ ሥራ ተገኝቷል፤ ግብር ተሰብስቧል፤ ወጣቱ ወደ አዲስ አበባ የሚሰደድበት አንዱ ምክንያት ቀንሷል። ይህን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን ፋብሪካው የቆመበት መሬት ባዶ አልነበረም። ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሚዘራበት፣ በግ የሚሰማራበት፣ አባት ለልጁ የሚያወርሰው መሬት ነበር። ፓርኩ በተመረቀበት ጊዜ ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለተነሺው ገበሬ የሚያስበው የመፈናቀያ ካሳ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ነበር። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ያለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በአሥራ አምስት እንዲባዛ አደረገ፤ ተነሺዎች ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ምክክር እንዲደረግላቸውም አዘዘ። ሕጉ ራሱ የቀድሞው አሠራር እንደማይበቃ መሰከረ ማለት ነው። ቀድሞ የተነሣው ገበሬ ግን በአዲሱ ስሌት አልተካሰም።

ካሳውን የተቀበለ ገበሬ በአንድ ቀን ከተሜ ይሆናል። ሙሉ ዕድሜው የኖረበት እውቀት፣ የዝናቡን መምጫ ማወቅ፣ የዘሩን ዓይነት መምረጥ፣ የበጉን በሽታ መለየት፣ በከተማው ገበያ ላይ ዋጋ ያጣል። አጥር ጥበቃ ይሆናል፤ የቀን ሥራ ይፈልጋል፤ ገንዘቡን ባጃጅ የገዛበትም አለ፣ ቤት ሠርቶ የሚያከራይም አለ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ባዶ እጁን የቀረም አለ። ከሁሉ የከበደው ደግሞ መንደሩ ሲበተን እድሩም አብሮ መበተኑ ነው። በካሳ ስሌት ውስጥ የጋራ ዕቃ ቤት፣ የደቦ ባልንጀራ፣ የቀብር ጎረቤት የሚገቡበት ዓምድ የለም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የከተማው ነዋሪስ ምን ተጠየቀ? ብዙ ነገር ተጠይቋል። ለኮብልስቶን መንገድ ከየቤቱ ገንዘብ አዋጥቷል። ለትምህርት ቤት ግንባታ፣ ለጸጥታ፣ ለዘመቻ፣ ለችግኝ ተከላ፣ ለተፈናቃይ ድጋፍ ከፍሏል፤ ጉልበቱንም ሰጥቷል። በሪፖርት ላይ ይህ ሁሉ የሕዝብ ተሳትፎ በሚል ርዕስ በብር ተተምኖ ይቀርባል። የማን ማሳ ለየትኛው ፋብሪካ እንደሚሰጥ፣ ውሃው ሲጎድል ቅድሚያ የማን እንደሆነ፣ የፍሳሽ ማጣሪያ የሌለው ፋብሪካ በበሬሳ ወንዝ ዳር ይቁም አይቁም ግን ሲጠየቅ አላየሁም።

የአዳራሹ ስብሰባ

ሕዝባዊ ውይይት የሚባለው እንዴት እንደሚሄድ በመካከለኛ ከተማ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ለሁለት ሰዓት ተጠርቶ በሦስት ሰዓት ይጀመራል። መድረኩ ላይ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ፣ ከኋላው ባነር አለ። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ተኩል በሪፖርት ያልቃል። ከዚያ መድረኩ ይከፈትና ሰብሳቢው አጠር አጠር አድርጋችሁ ይላል። አንዲት እናት ተነሥታ ቧንቧው ከደረቀ ሳምንት እንዳለፈው፣ በጄሪካን ውሃ እንደምትገዛ ትናገራለች። አንድ ሽማግሌ የመንገዱ ግንባታ ተጀምሮ የቀረበትን ዓመት ይቆጥራሉ። ወጣቱ ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት ማኅበር ይጠይቃል። አምስት አምስት ጥያቄ እየተሰበሰበ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ በበጀት ዓመቱ ታቅዷል፣ በሂደት ይፈታል የሚል መልስ ይሰጣል። በሚቀጥለው ስብሰባ ያለፈው ጥያቄ የት ደረሰ ተብሎ የሚነበብ ቃለ ጉባኤ የለም። እድር ውስጥ ይህ ቢሆን ጸሐፊው በዚያው ዕለት ከኃላፊነቱ ይነሣ ነበር።

ሥር ያለው ችግር የሰብሳቢው ጠባይ አይደለም። ቅን፣ ታታሪ፣ ሌሊትና ቀን የሚሠሩ የከተማ ኃላፊዎች አሉ፤ በ2014 ዓ.ም. የከፉ ቀናት ከሕዝቡ ጋር የቆሙም ነበሩ። ችግሩ ለነዋሪው መልስ የመስጠት ግዴታቸው ከምን እንደሚመነጭ ነው። በኢትዮጵያ የቀበሌ፣ የወረዳና የከተማ ምክር ቤት ምርጫ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ተካሄደ፤ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተደገመ። በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረበት ተራዘመ። በ2013ቱ ጠቅላላ ምርጫ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ምክር ቤቶች ሲመረጡ እንደ ደብረ ብርሃን ያሉ ከተሞች ምክር ቤቶች አልተመረጡም። ስለዚህ ፓርኩ ሲመረቅ፣ ከተማዋ ደረጃዋን ስትለውጥ፣ ክፍለ ከተሞች ሲዋቀሩ፣ ነዋሪው ስለነዚህ ጉዳዮች ብሎ የመረጠው የከተማ ምክር ቤት አልነበረም። በ2005 ዓ.ም. ገና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበረ ልጅ ዛሬ አባት ሆኖ፣ የከተማ ምክር ቤቱን በድምፁ መርጦ አያውቅም።

ቀበሌ ራሱ ከየት እንደመጣ ማስታወስ ይጠቅማል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ብሎ ያቋቋመው ነው። በስሙ የነዋሪዎች ማኅበር ቢሆንም ብዙም ሳይቆይ የመንግሥት ክንድ ሆነ፤ በዘመነ ቀይ ሽብር ወጣቶች ሲታሰሩና ሲገደሉ ያየ የዚያ ትውልድ ቤተሰብ የቀበሌን በር በምን እንደሚያስታውሰው ያውቃል። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ዝም የሚል ሽማግሌ ሲታይ ግዴለሽ ነው ብሎ መፍረድ ይህን ታሪክ መርሳት ነው። ያው ሰውዬ እድር ላይ ሦስት ጊዜ እጁን ያወጣል።

ሕጉ ውስጥ ክፍት የሚመስሉ በሮች አሉ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መዋቅራዊ ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ እንዲወያይበት ያዛል፤ ፕላኑም የአሥር ዓመት ዕድሜ አለው። በተግባር ግን አብዛኛው ነዋሪ ፕላኑን የሚያውቀው ቀያሹ መጥቶ በጓሮው ችካል ሲተክል ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ እድርንና እቁብን ከአዋጁ ወሰን ውጭ አድርጓቸዋል። ይህ ከአላስፈላጊ ቁጥጥር ስለሚጠብቃቸው በጎ ነው። የከተማ አስተዳደር እድርን በሕግ የመስማት ግዴታ ያለበት ቦታ ግን በሌላ ሕግም አልተጻፈም። እድር የሚታወሰው መዋጮ ሲያስፈልግና አስከሬን ሲነሣ ነው።

ሳይመለሱ የቀሩት

የ2014ቱ እንግዶች አብዛኞቹ ወደ ቀያቸው ተመለሱ። ከወለጋ በማንነታቸው ምክንያት የተፈናቀሉት ግን ቆይተዋል። ቻይና ካምፕ፣ ወይንሸትና ባቄሎ የሚባሉት መጠለያዎች በከተማዋና በዙሪያዋ የቆሙት በእነሱ ምክንያት ነው። ሞቃት ቆላ ላይ በቆሎና ሰሊጥ ያመርት የነበረ ገበሬ በደብረ ብርሃን ውርጭ ላይ በላስቲክ ሥር ኖረ። ልጆች እዚያው ተወለዱ። አቅም ያለው የቀን ሥራ ይሠራል፤ ከመጠለያ ወጥቶ ቤት የተከራየም አለ።

እነዚህ ሰዎች የደብረ ብርሃን ነዋሪ ናቸው ወይስ እንግዳ? የከተማዋ ሰው ልብ መልሱን ከሰጠ ቆይቷል፤ ለእነሱ ቀብር ወጥቷል፣ ልጆቻቸውን ክርስትና አንሥቷል። በወረቀት ላይ ግን ተፈናቃይ ተብለው ይመዘገባሉ፤ ተፈናቃይ ደግሞ ዕርዳታ የሚቀበል እንጂ ሐሳብ የሚሰጥ ተደርጎ አይቆጠርም። ከመሬቱ የተነሣው የአካባቢው ገበሬና ከወለጋ የመጣው ገበሬ በአንድ የቀን ሥራ ገበያ፣ በአንድ ጠዋት፣ ጎን ለጎን ቆመው አሠሪ ይጠብቃሉ። ሁለቱም መሬት ያጡ ገበሬዎች ናቸው፤ አንዱ በጥይት፣ አንዱ በካሳ። ከተማዋ ለሁለቱ አንድ የጋራ መድረክ ብትፈጥርላቸው፣ አንዱ ሌላውን እንጀራ ቀሚ አድርጎ እንዳያየው ያግዛል። ይህን የምለው ቂሙ ሲጀምር የሚመስለውን ስላወቅሁ ነው፤ የቤት ኪራይ ሲንር፣ የቀን ሥራ ዋጋ ሲወርድ፣ ሰው ምክንያት የሚፈልገው ከአጠገቡ ካለው ነው።

ምን ይደረግ

ትልቅ ገንዘብ የማይጠይቁ ሥራዎች አሉ። የመዋቅራዊ ፕላኑ ካርታ ከቢሮ ወጥቶ በመናኸሪያው፣ በጠባሴ፣ በሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ በመስጊዱ አጥር፣ በዩኒቨርሲቲው በር በትልቁ ታትሞ መሰቀል ይችላል፤ ቀለሞቹ ምን እንደሚያመለክቱ በአማርኛ ተጽፎበት። ለሐምሌ ሥላሴ ከየገጠሩ የሚመጣው ምእመን ብቻ እንኳ ቢያየው የየማሳውን ዕጣ ፈንታ ከቀያሹ ቀድሞ ያውቃል። የየክፍለ ከተማው በጀትና የተጀመሩ ፕሮጀክቶች ዝርዝር እድር ሒሳቡን እንደሚያነበው በዓመት ሁለት ጊዜ በግልጽ ይነበብ። ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ከአዲሱ ሪፖርት በፊት ይቅደም።

ከዚህ የሚከብደው ግን ቦታ መስጠት ነው። የእድሮች ተወካዮች በመሬት ዝግጅት፣ በውሃ ሥርጭትና በፕላን ኮሚቴዎች ውስጥ በደንብ ተጽፎ፣ ድምፅ ኖሯቸው ሊቀመጡ ይገባል። ምርቃት ላይ ከፊት ረድፍ ማስቀመጥ ይህን አይተካም። የሚመረጡት ተወካዮች ውስጥ ሴቶች፣ ከመሬታቸው የተነሡ ገበሬዎች፣ የፋብሪካ ሠራተኞች እንዲኖሩ ደንቡ ራሱ ያስገድድ፤ አለበለዚያ የተለመዱት ሽማግሌዎች ብቻ ይገቡና ሌላው እንደገና ውጭ ይቀራል። አደጋውም ይታየኛል። እድር ወደ አስተዳደር በተጠጋ ቁጥር ቀበሌ የሄደበት መንገድ ይጠብቀዋል፤ ካድሬ ይገባበታል፤ ሰውም ይሸሸዋል። ለዚህ መከላከያው ተወካዩን የሚመርጠውም የሚያወርደውም እድሩ ብቻ እንዲሆን፣ ከአስተዳደሩም አበል እንዳይቀበል ማድረግ ነው። በሥራ ላይ ሲውል የሚበላሽ ነገር እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ነዋሪውን ውጭ አቁሞ ከመቀጠል ግን ይሻላል።

በከተማዋ ጠርዝ በቤት ማኅበር የተደራጁ መምህራን፣ ነርሶች፣ ሾፌሮችና የፋብሪካ ሠራተኞች አዲስ ሰፈር እየቆረቆሩ ነው። መሬቱን ገና ሳይረከቡ በዝግ ሒሳብ ገንዘብ አስቀምጠው፣ ደንብ አጽድቀው፣ ሰብሳቢ መርጠው ዓመታት የጠበቁ ሰዎች ናቸው። መብራትና ውሃ ሳይገባላቸው የመጀመሪያውን እድር ያቋቁማሉ። የመንገዱን ስፋት፣ የአረንጓዴ ቦታውን፣ የትምህርት ቤቱን ሥፍራ በተመለከተ ከማንም በፊት መጠየቅ ያለባቸው እነዚህ ናቸው፤ ሰፈሩ ከተሠራ በኋላ የሚጠየቅ ነገር አይኖርም።

የሚቀጥለው የአካባቢ ምርጫ ሲመጣ አስቀድሞ የሚያስፈልገው የመራጮች ዝርዝር ነው። የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 አንድ ሰው በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር ከኖረ በመራጭነት እንዲመዘገብ ይፈቅዳል። በአንድ ክፍል ሦስትና አራት ሆነው የሚኖሩት የፓርኩ ሠራተኞች ይህን መስፈርት አልፈውታል። በባቄሎና በቻይና ካምፕ ዓመታት የኖሩትም እንዲሁ። ስለዚህ የነዋሪነት መታወቂያ ለማን፣ በምን ማስረጃ፣ በየትኛው ክፍለ ከተማ እንደሚሰጥ የከተማ አስተዳደሩ ምርጫው ከመጠራቱ በፊት ጽፎ በየመጠለያውና በየፋብሪካው በር መለጠፍ ይኖርበታል።